እሺ የማይለው አድማጭ

በአማርኛ ሲወራ አድማጭ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ተናጋሪው አንድ ነገር ጣል ባደረገ ቁጥር «እሺ»፣ «እህ»፣ «ኧረ?»፣ «አይ አንተ!» ይላል፤ ምንም ቃል ሳያወጣ አየር ወደ ውስጥ ሳብ አድርጎ ብቻ «አዎ» ማለትም ያውቅበታል። ስልክ ላይ ሆነን ያኛው ወገን ለጥቂት ሰከንድ ጸጥ ካለ «ሃሎ? አለህ?» የምንለው ለዚህ ነው። ወሬያችንን የምናስረዝመው፣ የምናሳጥረው፣ የምንደግመው፣ ድምፃችንን ዝቅ የምናደርገው የዚያን ሰው ፊትና ድምፅ እየተከተልን ነው። እየተከተልን መሆናችን ግን አይታወቀንም።

ካሜራ ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይነጥቃል። ሌንስ ራሱን አይነቀንቅም፣ አይገረምም፣ «እሺ» አይልም። ባንክ ተከራክሮ ብድር የሚያስፈቅድ፣ ባለአክሲዮኖች የተቆጡበትን አዳራሽ በአንድ ቀልድ የሚያረግብ ሥራ አስኪያጅ ቀይዋ መብራት ስትበራ ጉሮሮው ይደርቃል። አጠገቡ ያሉት «ካሜራ ፈራ» ይላሉ። እኔ እንደዚያ አላየውም። ሰውየው አድማጩን ነው ያጣው። «ዘና ይበሉ»፣ «ፈገግ ይበሉ»፣ «እንደ ወትሮዎ ይሁኑ» የሚባሉት ምክሮች የማይሠሩትም ለዚህ ይመስለኛል። ዘና በል የተባለ ሰው ዘና ማለት አለማለቱን መጠበቅ ይጀምራል፤ አሁን አንድ የነበረው ችግር ሁለት ሆነበት ማለት ነው። የሚሠራው ነገር ከሌንሱ ጀርባ የጠፋውን ሰው መመለስ ነው።

ይህንኑ በመስታወትና በሽቦ የሞከረ ሰው አለ። አሜሪካዊው የዶክመንተሪ ዳይሬክተር ኤሮል ሞሪስ ተጠያቂዎቹ ተመልካቹን ዓይን ለዓይን እያዩ እንዲያወሩ ይፈልግ ነበር። በተለመደው አሠራር ጠያቂው ከካሜራው ጎን ይቀመጣል፤ ተጠያቂው እሱን ስለሚያይ ዓይኑ ከሌንሱ ትንሽ ይሸሻል። «ሌንሱን እይ» ሲሉት ደግሞ ጠያቂውን ያጣዋል። ሞሪስ ሁለት ቴሌፕሮምፕተሮችን አገናኘ። ቴሌፕሮምፕተር ከሌንሱ ፊት ጋደል ብሎ የሚቆም፣ በአንድ በኩል የሚያንጸባርቅ በሌላው የሚያሳልፍ መስታወት ነው፤ ተናጋሪው ከሥር ካለው ስክሪን የሚንጸባረቀውን ጽሑፍ ያነባል፣ ካሜራው ግን በመስታወቱ አልፎ እሱን ብቻ ያያል። ሞሪስ በጽሑፉ ቦታ የራሱን ፊት በቀጥታ አስተላለፈበት። እሱ ደግሞ የተጠያቂውን ፊት በሌላኛው መስታወት ላይ ያያል። በዚህ መንገድ ሌንሱን ማየትና ሰው ማየት አንድ ሆኑ።

መሣሪያውን ኢንተሮትሮን አሉት። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው «ዘ ፎግ ኦፍ ዋር» የተባለው ፊልም የተቀረጸው በዚህ ነው፤ በተከታዩ ዓመትም በዶክመንተሪ ዘርፍ ኦስካር ወስዷል። ከመስታወቱ ፊት የተቀመጠው ሮበርት ማክናማራ የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስትር ከመሆኑ በፊት የፎርድ ኩባንያ ፕሬዚዳንት ነበር፤ በቁጥር የሚያስብ፣ ስሜቱን ቆልፎ የሚይዝ ሥራ አስፈጻሚ። በፊልሙ ላይ ግን ይህ ከሰማንያ ያለፈ ሽማግሌ ጣቱን እየቀሰረ ይከራከራል፣ ስለ ኬኔዲ መቃብር ሲያወራ እንባው ይመጣል። በዚያ ዕድሜው ትወና ያስተማረው የለም። ፊት ለፊቱ የሚመልስለት፣ የሚያቋርጠው፣ የሚሞግተው ፊት ነበረው።

ለዚህ ኢንተሮትሮን መግዛት አያስፈልግም። ታብሌት የሚገባበት ርካሽ ቴሌፕሮምፕተር ላይ የቪዲዮ ጥሪ መክፈት ያንኑ ሥራ ይሠራል። እሱም ከሌለ ጠያቂው ጆሮው ካሜራውን ሊነካ እስኪቀርብ ተጠግቶ፣ ዓይኑ ከሌንሱ እኩል ከፍታ ላይ ሆኖ ይቀመጥ። ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነው፤ እዚያ ወንበር ላይ ማን ይቀመጥ?

እኛ ቢሮዎች ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ነው፤ ውጤቱም ይታወቃል። ለቪዲዮ ቀረጻ አብሬያቸው ከሠራኋቸው መካከል አንድ ቡና ላኪ ነበሩ፤ ስልሳን የተሻገሩ፣ ጨዋታ የሚችሉ ሰው። ቢሯቸው ገባን። ሰፊ ጠረጴዛ፣ ከጀርባ ባንዲራ፣ የምስክር ወረቀቶች የተደረደሩበት ቁም ሳጥን። ኃላፊዋ ሁለት ገጽ ጽፋ ሰጥታቸዋለች። «ድርጅታችን በዘርፉ ግንባር ቀደም ከሆኑት ተቋማት አንዱ ሲሆን…» ብለው ጀመሩ። ሦስተኛው «ሲሆን» ላይ ሲደርሱ ዓረፍተ ነገሩ ጠፋባቸው። ወረቀቱን አዩ፣ ጣሪያውን አዩ፣ በመጨረሻ እኔን አዩኝ። ኃላፊዋ «በጣም ጥሩ ነበር ጋሼ» አለች። ሌላ ምን ትበል? ደሞዟን የሚፈርሙት እሳቸው ናቸው። ካሜራማኑም ልጅ ነው፤ በአባቱ ዕድሜ ያሉትን ሰው «ይሄ አልሆነም» ማለት ከብዶት ሌንሱን በጨርቅ ይወለውላል።

ከሰዓት በኋላ ወደ መጋዘኑ ወረድን። ለቃሚዎቹ በረድፍ ተቀምጠው ፍሬ ይለቅማሉ። ሰውየው ገና በሩን ሲያልፉ ኮታቸውን አወለቁ። ከአንዱ ጆንያ ዘግነው መዳፋቸው ላይ በጣታቸው ይበትኑት ጀመር።

«ይቺን አየሃት?» አሉኝ አንዲት ጥቁር ፍሬ ለይተው። «ይቺ ስኒ ታበላሻለች። ገዢው ዋጋ የሚቆርጠኝ በሷ ነው።»

ከለቃሚዎቹ አንዷ፣ ዕድሜያቸው የገፋ እናት፣ ከሥራቸው ቀና ሳይሉ «ጋሼ እኮ ድሮ ከኛ ጋር ይለቅሙ ነበር» አሉ።

«የት ለቀምኩ! አይችልም ብላችሁ ታባርሩኝ ነበር እንጂ!»

ሴቶቹ ሳቁ፣ እሳቸውም ሳቁ፤ ከዚያ ወደ እኚያ እናት ዞረው ጨዋታቸውን ቀጠሉ። ለምን አንዳንዱን ቡና ርካሽም ቢሆን እንደማይገዙ፣ ዝናብ ያገኘውን ጆንያ በእጅ ብቻ እንዴት እንደሚለዩ፣ የመጀመሪያ ጭነታቸው ሲመለስባቸው ቤት ገብተው ለሚስታቸው ምን እንዳሉ። ካሜራው ይቀርጻል። አንድም «ሲሆን» አልነበረም።

በመጋዘኑ ውስጥ ድፍረት አልተጨመረላቸውም። እጃቸው ሥራ አገኘ፤ ቢሮ ውስጥ እስክሪብቶ ከማንቋቋትና ቀለበት ከማሽከርከር ሌላ ሥራ ያልነበረው እጅ ፍሬ ሲበትን አፍን ነፃ ያወጣል። ከሁሉም በላይ ግን የማይፈራቸውና የማይሸነግላቸው አድማጭ አገኙ። ወንበሩ ላይ ለማስቀመጥ የምፈልገው እንዲህ ያለውን ሰው ነው፦ ሲሰለቸው ፊቱ ላይ የሚታይ፣ ያልገባውን «አልገባኝም» የሚል። አንጋፋ ሠራተኛ ሊሆን ይችላል፣ የቆየ ደንበኛ ሊሆን ይችላል። የ12 ዓመት የእህት ልጅ ደግሞ ከሁሉም ትሻላለች፤ «አጎቴ፣ ግን እናንተ ምንድነው የምትሠሩት?» ብላ ስትጠይቅ «የተቀናጀ የሎጂስቲክስ መፍትሔ» የሚል መልስ ከአፍ አይወጣም።

ዓይንን በተመለከተ ከውጭ የሚመጡት የሥልጠና ቪዲዮዎች የማያነሱት ነገር አለ። ብዙዎቻችን ያደግነው ትልቅን ሰው አፍጥጦ ማየት ነውር ነው እየተባልን ነው። ስናከብር ዓይናችንን ሰበር እናደርጋለን። ካሜራ ፊት የቀረበ ሥራ አስኪያጅ ደግሞ የሚያስባቸው ተመልካቾች ሚኒስትሩ፣ የቦርድ ሰብሳቢው፣ የባንኩ ሰውዬ ናቸው፤ እነሱን በልቡ እያየ ሌንሱን ማፍጠጥ አይችልም፤ ዓይኑ ወደ ጠረጴዛው ይወርዳል። ተመልካቹ ግን አክብሮቱን አያይም፤ የሚደብቀው ነገር ያለ ይመስለዋል። «ዓይንዎን ከሌንሱ አይንቀሉ» ብሎ መጨቅጨቅ ሰውየውን ያደነዝዘዋል። በልቡ የሚያየውን ሰው መለወጥ ይሻላል። «የተከበራችሁ ተመልካቾች» ብሎ ለሕዝብ ከመናገር ይልቅ አዳማ ላለው ለአክስቱ ልጅ ያስረዳ፤ ዓይኑም ድምፁም ራሳቸው ይስተካከላሉ።

አሁን ወደ ቋንቋው ልምጣ፤ በእኛ ዘንድ ትልቁ መሰናክል እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁና። የአማርኛ ዓረፍተ ነገር የሚታሰረው መጨረሻ ላይ ነው። ማሰሪያ አንቀጹ እስኪመጣ ተመልካቹ ሰውየው ሠራ ወይስ አልሠራም፣ ሊሠራ ነው ወይስ ሠርቶ ተወው፣ አያውቅም። አፍ ለአፍ ስናወራ ይህ ችግር ሆኖ አያውቅም፣ ዓረፍተ ነገራችን አጭር ነዋ። የቢሮ ደብዳቤ አማርኛ ግን «ሲሆን»ን በ«በመሆኑም»፣ «በመሆኑም»ን በ«ከዚህም ጋር ተያይዞ» እየቀጠለ ማሰሪያውን አንድ ገጽ ድረስ ያርቀዋል። ተናጋሪው ያን ሁሉ ጭነት በትንፋሹ ተሸክሞ ሲሮጥ ድምፁ ወደ አንድ ዜማ ይወርዳል፤ ማሰሪያው ጋ ሲደርስ የጀመረበትን ረስቶታል። ኤዲተሩም ይቸገራል፤ ከመሐል ቢቆርጠው ትርጉም የለውም፣ ካልቆረጠው ተመልካቹ ይሄዳል። ስለዚህ የድርጅቱን ሙዚቃ ከሥር አስገብቶ በላዩ ላይ የሕንፃ ምስል ያለብሰዋል። በየድርጅቱ ፕሮሞ ላይ ያ ሁሉ ሕንፃ የሚታየው ለምን እንደሆነ አሁን ሳይገባችሁ አይቀርም።

እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር እናስብ፦ «በተያዘው በጀት ዓመት ለ120 ወጣቶች የሥራ ዕድል መፍጠር የተቻለ ሲሆን ከእነዚህም ውስጥ አብዛኞቹ ሴቶች መሆናቸው ተጠቃሽ ነው።» ይህን ያለው ሰውዬ ማታ ቤቱ ቢጠየቅ የሚለው «ዘንድሮ 120 ልጆች ቀጠርን፤ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው» ነው። በመጀመሪያው ውስጥ የቀጠረ ሰው የለም፤ «ተቻለ» እንጂ። ሥራ አስኪያጆች ከዚህ ጥግ መውጣት የማይፈልጉት አንዳንዴ ከትሕትና ነው፣ «እኔ» ማለት ጉራ ይመስላቸዋል። አንዳንዴ ደግሞ ከጥንቃቄ ነው። ሁለቱም ይገባኛል። ነገር ግን ማንም ያላደረገውን ነገር በሰው ድምፅ መናገር ለማንም ይከብዳል፤ ድንዛዜው ግማሹ ከዚያ ይመጣል።

ጽሑፍ የግድ ከሆነ ጽሑፉ ከአፍ ይነሳ። አለቃው ጉዳዩን ለአንድ ሰው በቃሉ ያስረዳ፣ ስልክ ላይ ይቀዳ፣ የተቀዳው እንደወረደ ይጻፍ፤ ከዚያ ትርፉ ብቻ ይቆረጥ። ኃላፊዋ ጽፋ እሱ የሚያነበውና እሱ ተናግሮ እሷ የምትጽፈው እጅግ የተለያዩ ናቸው። ቴሌፕሮምፕተር ላይ ሲወጣም መሣሪያው 3 ሜትር ያህል ይራቅ፤ ሲቀርብ ዓይን ከግራ ወደ ቀኝ ሲመላለስ ይታያል፣ ማንበቡ ይታወቃል።

እውነቱን ለመናገር ቴሌፕሮምፕተርን ብዙም አልወደውም። መነሻውም የተዋናይ ችግር ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 አካባቢ ፍሬድ ባርተን የተባለ ተዋናይ ቃለ ተውኔት ማጥናት ስለከበደው ሐሳቡን አመጣ፤ ኢንጂነሩ ሁበርት ሽላፍሊ በሞተር የሚጠቀለል ወረቀት አድርጎ ሠራው። የሌላ ሰው ጽሑፍን የራስ ማስመሰል የተዋናይ ሙያ ነው። ሥራ አስኪያጅ ይህን ሙያ አልተማረም፣ አይጠበቅበትምም። ቁጥር የበዛበት የዓመት ሪፖርትና እያንዳንዱ ቃል ሕግ ፊት ሊቀርብ የሚችል መግለጫ ሲሆን ይጠቀምበት። ከዚያ ውጭ ሦስት ነጥብ በቁራጭ ወረቀት ይበቃዋል።

በነገራችን ላይ ተመልካች ቅልጥፍና አይጠይቅም። የዌንዲስ ሃምበርገር ቤቶች መሥራች ዴቭ ቶማስ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ በ2002 እስኪሞት ድረስ ከ800 በላይ በሆኑ የኩባንያው ማስታወቂያዎች ላይ ታይቷል። እጀ ጉርድ ነጭ ሸሚዝና ቀይ ክራቫት አድርጎ፣ ዝግ ብሎ፣ አንዳንዴም ደረቅ ብሎ ነበር የሚያወራው። ሰው ወደደው፤ ሃምበርገር የሚሸጥ ሰው እንጂ ሌላ ሊመስል አልሞከረምና።

ክፉ ቀን ሲመጣ ይህ ሁሉ ይጠነክራል። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2009 በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና ሁለት የዶሚኖስ ፒዛ ሠራተኞች በምግብ ላይ ሲያላግጡ የሚያሳይ ቪዲዮ ዩቲዩብ ላይ ለቀቁ። የኩባንያው የአሜሪካ ዘርፍ ፕሬዚዳንት ፓትሪክ ዶይል በዚያው በዩቲዩብ ይቅርታ ጠየቀ። ያለው ነገር ትክክል ነበር፤ ይቅርታውን አልሸፋፈነም። ግን ዓይኑ ሌንሱን አይደለም የሚያየው፣ ከጎኑ ያለን ነገር ነው። ሰው ስለ ይቅርታው ከማውራት ይልቅ ስለ ዓይኑ አወራ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ዶሚኖስ ሌላ ዘመቻ ጀመረ፤ ደንበኞች ፒዛችሁ ካርቶን ካርቶን ይላል ሲሉ የሚታዩበት፣ ዶይልም ወጥቶ እውነት ነው፣ ከሥሩ ቀይረነዋል የሚልበት። ያው ሰው ነው። በመካከሉ ትወና አልተማረም ብዬ አልምልም፤ በሁለተኛው ግን የሚናገረው የራሱ ነገር ነበረው።

ከሁሉ የምወደው ምሳሌ የማሪዮት ሆቴሎች ዋና ሥራ አስፈጻሚ የነበረው አርኒ ሶረንሰን ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 2020 ኮቪድ ሆቴሎቹን ባዶ ሲያደርጋቸው ለሠራተኞቹ ስድስት ደቂቃ ያህል የሚሆን ቪዲዮ ቀረጸ። የቆሽት ካንሰር ታሞ በሕክምናው ምክንያት ፀጉሩ ረግፎ ነበር። አጠገቡ ያሉት በዚህ መልኩ መታየቱ አሳስቧቸዋል፤ እሱም ገና ሲጀምር ይህንኑ ስለ መላጣው አንስቶ ተናገረ። አስተውሉ፤ ተመልካቹ ሁሉ በልቡ የሚጠይቀውን ራሱ ቀድሞ ከመንገድ አነሳው። ከዚያ ወደ ቁጥሩ ገባ። ጉዳቱ ከሴፕቴምበር 11ዱ ጥቃትና ከፋይናንስ ቀውሱ ጊዜ ተደምሮ እንደሚበልጥ ነገራቸው። እሱና የቦርዱ ሰብሳቢ ቢል ማሪዮት ለቀሪው ዓመት ደሞዝ እንደማይወስዱ፣ ከፍተኛ አመራሩም በግማሽ እንደሚቀነስበት ገለጸ። ሥራቸውን የሚያጡትን ሲያነሳ ድምፁ ተያዘ። አልቆረጡትም። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2021 አረፈ። ቪዲዮው ዛሬም በየሥልጠናው ይታያል፤ የሚያሳዝነው አንዳንዱ አሠልጣኝ «ድምፅዎ ሊሰበር ሲል ትንሽ ቆም ይበሉ» እያለ እንደ ዘዴ ማስተማሩ ነው።

አሁን ደግሞ የራስን ምስል ስለመጥላት። «እኔ ነኝ እንዲህ የምመስለው?» ያላለ ሰው አላየሁም። ምክንያቱ ተጠንቷል። እ.ኤ.አ. በ1977 ሚታ፣ ደርመርና ናይት የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ሰዎች የራሳቸውን ፊት በመስታወት እንደሚያዩት ተገልብጦ ሲያዩት እንደሚወዱት፣ ጓደኞቻቸው ግን ያልተገለበጠውን እንደሚመርጡ አሳይተዋል። ካሜራ የሚያሳየው ጓደኛ የሚያውቀውን ፊት ነው፤ ለባለቤቱ ብቻ እንግዳ ይሆንበታል። ድምፅም እንደዚያው፤ የራሳችንን ድምፅ በጆሯችን ብቻ ሳይሆን በራስ ቅላችን አጥንት በኩልም ስለምንሰማው ወፈር ይልልናል፣ ቅጂው ቀጠን ይልብናል። ሳቪትስኪና ጊሎቪች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት ተናጋሪዎች ፍርሃታቸው ለሰው ከሚታየው በላይ እንደሚታይ አድርገው እንደሚገምቱ አሳዩ። ይህን አስቀድሞ የተነገራቸው ሰዎች የተሻለ ንግግር አደረጉ፤ በራሳቸውም በአድማጮቻቸውም ዳኝነት። ስለዚህ ለአለቃችሁ ከቀረጻ በፊት አንድ ነገር ብቻ መንገር ከተቻለ ይህን ንገሩት፦ የልብዎን ምት ማንም አያየውም። የሞኒተሩንም ፊት ከእሱ አዙሩት። በዙም ስብሰባ ላይም የራስን ምስል መደበቅ ያሳርፋል፤ የስታንፎርዱ ጄረሚ ቤይለንሰን ከዙም ድካም መንስኤዎች አንዱ ቀኑን ሙሉ ራስን በመስታወት እንደማየት ያለው ነገር ነው ብሎ እ.ኤ.አ. በ2021 ጽፏል።

የቀረው የዕቃ ነገር ነው፣ ቶሎ ልለፈው። የሚሽከረከር ወንበር ይውጣ፤ የተጨነቀ ሰው ሳያውቀው ይዞራል። ደማቅ ነጭ ሸሚዝና ነጠላ ካሜራውን ያታልሉታል፤ ነጩን ለማብረድ ሲል ፊትን ያጠቁራል፣ ስለዚህ የካሜራው የብርሃን መጠን በፊት ልክ በእጅ ይስተካከል። ስልክ ፊት ላይ ተደቅኖ ሲቀርጽ አፍንጫን ያገዝፋል፤ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ራቅ ይበል። መብራታችን በ50 ኸርዝ ስለሚሠራ ካሜራው ለ60 ተስተካክሎ ከመጣ አምፖሉ ይርገበገባል። ቀይዋ መብራት ላይ ጥቁር ፕላስተር ይለጠፍ። ጄነሬተሩ መቼ እንደሚነሳ ጥበቃውን አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

አንድ የቀረ ነገር አለ። ጠያቂው «አመሰግናለሁ፣ ጨርሰናል» ሲል የብዙ ሰው ትከሻ ይወርዳል፤ ማይኩን እየፈታ «እኔ ግን ልል የፈለግሁት…» ብሎ የቀኑን ምርጥ ነገር ይናገራል። ልምድ ያላቸው ካሜራማኖች ይህን ስለሚያውቁ አያጠፉም። እኔም አላጠፋም፤ ግን ከመጀመሪያው «ጨርሰናል ካልኩ በኋላም ካሜራው ትንሽ ይቆያል፣ የማይፈልጉትን እናጠፋለን» ብዬ እናገራለሁ። ብዙዎቹ እሺ ይላሉ፤ በኋላም ያንኑ ቁራጭ ይመርጣሉ። እምቢ ያለ ካለ ይጠፋል፣ ቁራጩ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን።